የዓመቱ መጽሐፍ የኋላ ገጽ

ውድ አባዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ምድጃው ጭስ ይመልስ ነበር፣ አስጠረግኸው? ከተማችን ፕሪሌፕ በረዶ መጣል እንደጀመረ ሰምቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ብራስልስ እንደ ወትሮዋ ታዘንባለች። የላክኸው የቃሪያ ድልህ ደርሶኛል፤ አንዱ ጠርሙስ ብቻ መንገድ ላይ ተሰብሯል።

ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። እየተነሳሁ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ መልሼ እከፍተዋለሁ።

ተቋማችን ለሚያወጣው የዓመቱ መጽሐፍ የምጽፈውን ምዕራፍ አስረክቤያለሁ። ያው እንደምታውቀው፣ የአውሮፓ ኅብረት በዓመቱ ውስጥ አዲስ አገር ለማስገባት ምን ያህል እንደተራመደ የምመረምርበት ነው። የእኛን አገር ክፍል ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩት፤ የሚጨመር አልነበረም። አምና ደውለህ፣ «ልጄ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ካቻምናም አንብቤዋለሁ። ተማሪዬ ብትሆኚ ገልብጠሻል ብዬ ዜሮ እሰጥሽ ነበር» ብለኸኝ ነበር። የገለበጠው ዓመቱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ዘንድሮ ግን አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። የኅብረቱ አባል የሆነው ጎረቤታችን፣ «ቋንቋችሁ የእኔ ነው» እያለ አገራችንን በሩ ላይ ያቆማታል፤ ሰዋችን ግን አንድ በአንድ ዋና ከተማው ሶፊያ ሄዶ የአያቱን ወረቀት አሳይቶ «ዘሬ የእናንተ ነው» ብሎ ሲፈርም ፓስፖርት አግኝቶ ይገባል። ይህንኑ ጻፍኩ። አዘጋጇ ሊቨ፣ «ግሩም ነው፤ ሰውየው ወረፋ ላይ ቆሞ የሚሰማውን ሁሉ አስገብተሻል። ግን ምንጭሽ የታለ?» አለችኝ።

ስጽፈው ወንድምህ ትዝ አለኝ። አጎቴ ትራይኮ የፈረመ ጊዜ የቼዝ ሰሌዳውን አጥፈህ፣ «ስሙን ከሸጠ ሰው ጋር አልጫወትም» አልከው። እሱም፣ «ልጆቼ ጀርመን ገብተው ይሠራሉ፤ አንተ ኩራትህን ቀቅለህ ብላ» ብሎህ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ስትተያዩ አንዳችሁ ትሻገራላችሁ።

ኮንትራትሽ ሲያልቅ ምን ልትሆኚ ነው ብለህ ስትጨነቅ፣ መላ አይጠፋም ብዬህ ነበር። ተቋሙ ቋሚ ቦታ የሚሰጠው ለኅብረቱ ዜጋ ብቻ ነው። መላው ተገኘ። ካለፈው ወር ጀምሮ ቋሚ ነኝ። የአያቴን የክርስትና ወረቀት በበጋ ስጠይቅህ ለምን ሳትለኝ ላክህልኝ። አመሰግናለሁ።

በመጽሐፉ የኋላ ገጽ እያንዳንዱ ጸሐፊ ከስሙ ሥር ዜግነቱን ያሰፍራል፤ አንባቢው ጸሐፊው የት ቆሞ እንደሚናገር እንዲያውቅ ነው። አንተ ሁልጊዜ ከዚያ እንደምትጀምር፣ ካፌ ወስደህም ያችን መስመር በጣትህ እያሳየህ ለጓደኞችህ እንደምታነብ አውቃለሁ። ሊቨ፣ «የአንቺን ብንተወውስ? ማንም ልብ አይለውም» ብላኝ ነበር። ፕሪሌፕ ውስጥ ልብ የሚል አንድ ሰው አለ አልኳት። እንዳለ ይታተም አልኩ።

መጽሐፉ በመጋቢት ይደርስሃል። እባክህ ዘንድሮ ከፊት ጀምረህ አንብብ፤ እቤት፣ ብቻህን። የኋላውን ገጽ ካየህ በኋላ ካፌ ካልሄድክ አልቀየምህም። ግን ከቤት አትዋል። ሰሌዳውን ይዘህ አጎቴ ትራይኮ ዘንድ ጎራ በል። ስለ እኔ ምን እንደምትለው እሱ ያውቃል፤ ምንም ባትለውም ይገባዋል።

ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ቤትህን ያሙቅልህ። ስልክህን እጠብቃለሁ።

የፕሪሌፗ ልጅህ