ክንዱን አላስረዝምም

ማክሰኞ፣ የካቲት 4፣ ከሰዓት 8፡00
ደብተሬ፣ እጄ ግራሶ ነው፤ ባቆሽሽሽ ይቅርታ። እውነተኛ የእሽቅድድም ሞተር ሳይክል ለፍሬን ጥገና ጋራዣችን ገባ። አለቃዬ ጋሽ ደምሴ ለምሳ ሲወጡ ሜትር አውጥቼ ለካሁት። የኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድ ከእኛዎቹ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች በአራት ጣት ይረዝማል። የሞተር ሳይክሉ ጠቅላላ ርዝመት ግን እኩል! ሞተሩ አጭር ነው። ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮ ወደ ኋላ አልተዘረጋም፣ ወደ ላይ ተደራርቧል፤ ክንዱ የረዘመው በተረፈው ቦታ ነው። የመንገዱ ሞተር ግን ተዘርግቶ ተኝቷል። የጌጃ ሰፈር ጋራዥ ሁሉ ክንድ እየቀጠለ የሚያስረዝመው እንግዲህ በከንቱ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ ሁለመናው ይረዝምና ኩርባ ላይ አይታጠፍም። ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። ተቆጡ። ለተክለ ሃይማኖት ሰፈሩ ልጅ ክንድ አስረዝመውለታል፤ እሑድ ይወዳደራል። የኮንዶ ጎረቤቴ ሙባረክም ይወዳደራል፤ የእሱን እኔ እንድሠራለት ለመናቸው። ፈቀዱ። ከተሸነፈ ግን ብየዳ ዳግም አልነካም፤ ጎማ እየለጠፍኩ እኖራለሁ። አራት ዓመት የለጠፍኩት አልበቃም! እሺ አልኩ።

አርብ፣ የካቲት 7
የሙባረክን ክንድ አላስረዘምኩም። ኩርባ ላይ እንዳይጣመም ላሜራ ደርቤ በየድኩት። ሞተሩንም አልነካሁም። የእሽቅድድሙ ጉልበት የሚያገኘው ሲጮህ ብቻ ነው፤ የእኛው ሰውና ሽንኩርት ጭኖ ዳገት የሚወጣ ነውና ከታች ጀምሮ ይጎትታል። ከኩርባ ለመውጣት ይኸው ይበቃል። ጋሽ ደምሴ አይተው «ለሠርግ ነው ለውድድር?» አሉ። ተቃጠልኩ።

እሑድ፣ የካቲት 9፣ 10 ሰዓት
አሸነፍን!!! ከከተማ ውጭ፣ አፈር ሜዳ ላይ። ቀጥታው ላይ የተክለ ሃይማኖቱ ልጅ ሙባረክን ጥሎት ሄደ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ኩርባው ጋ ግን መሰላል የምታህል ሞተር ሳይክሉ አልታጠፍ አለችው፤ ሣር ውስጥ ገባ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ደህና ነው፣ ሱሪው ብቻ ተቀደደ። ሙባረክ በውስጥ በኩል አልፎት ወጣ፤ ከዚያ ማን ይድረስበት። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ጠፋ። ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው ብየዳዬን በጣታቸው ዳሰሱ።

ሰኞ፣ የካቲት 10፣ ጠዋት 3 ሰዓት
የተክለ ሃይማኖቱ ልጅ ገና ሳንከፍት በር ላይ ቆሟል። ክንዱ ወደ ልኩ ይመለስልኝ ብሎ ጋሽ ደምሴን ለመነ። እሳቸው ከሥራቸው ቀና ሳይሉ በመፍቻው ወደ እኔ ጠቆሙ፦ «የክንድ ነገር እሷን ጠይቃት።»

ለሐሙስ ቀጠርኩት። ዛሬም መሥራት እችል ነበር፤ ግን ትንሽ ይጠብቅ።