ያለ አቧራው የተነቀሉ ገመዶች

እህት ዓለም፣

የወጥ ቤቱ አምፖል ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአገልግሎት መሰናበቱን በታላቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ስትገቢ ወንበሩ እንዳይመታሽ።

ያሰጣሽውን ልብስ አጥፌዋለሁ። በየቀለሙ ግን አልለየሁትም።

ሌላው የድምፅ መሥሪያዬ የሲንተሳይዘሬ ጉዳይ ነው። ሃያ ሁለቱንም ገመድ ነቅለሽ፣ እንደ ስፌት ክርሽ በየቀለሙ ጠቅልለሽ አስረሽ አገኘኋቸው። ስደውልልሽ «አቧራ ላራግፍልህ ብዬ ነው፣ ወንድም ዓለም» አልሽኝ።

አመሰግናለሁ። አቧራው እንዳለ ነው።

ለሌላ ጊዜ እንድታውቂው፣ ይህ መሣሪያ የሠራሁትን ድምፅ አያስቀምጥልኝም። ድምፁ ማለት የትኛው ገመድ የት እንደተሰካ ነው። ዛሬ ለቴአትሩ አዘጋጅ የማስረክበው የአውሎ ነፋስ ድምፅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አንቺም ከስፌት ደክመሽ እየገባሽ ሦስቱንም ሳምንት «ኧረ ምንም አይረብሸኝም» ስትይኝ ነበር። እኔም አመንኩሽ፤ ማመኑ ስለተመቸኝ።

አሰካኩን ወረቀት ላይ መጻፍ ነበረብኝ። በቃሌ አውቀዋለሁ እያልኩ ስኩራራ አልጻፍኩትም።

ከንዴቴ ብዛት እጄ የገባውን ገመድ ያገኘሁት ቀዳዳ ውስጥ ስሰካ አዘጋጁ ደወለ። ስልኩን እንዳነሳሁ መሣሪያው ማጓራት ጀመረ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ «እንዳትነካው፣ እሱ ነው» አለኝ። «የበፊቱ እኮ የወፍጮ ድምፅ ነበር። እንዳይከፋህ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።»

ድምፁን ቀድቼ ልወስድለት ወጥቻለሁ። ገመዶቹ እንደተሰኩ ናቸው።

አቧራውን ተይው።