ቀድሞ የተለጠፈ መርዶ

ግዛቸው ወንድሜ፣

ከሮም በሳቅ ሆዴን ይዤ እጽፍልሃለሁ! እኛ ጋ ለቅሶ በዕድር ጡሩንባ ይለፈፋል፤ እዚህ የሟች ስም በወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ትናንት የከተማዋ ሁለት ቡድኖች፣ የኛ ሰማያዊዎቹና ቢጫ ቀዮቹ፣ ገንዘብ ወደሚታፈስበት ቻምፒየንስ ሊግ ለመግባት በቀረችው አንዲት ቦታ ተናነቁ። ለቢጫ ቀዮቹ አቻ ይበቃቸው ነበር። የነሱ ደጋፊ ኦሬስቴ፣ የሥጋ ቤቱ ባለቤት፣ ዘጠና ደቂቃው አንድ ለአንድ ሲያልቅ ቀድሞ ያሳተመውን መርዶ በራችን ላይ ለጠፈ፤ "ሰማያዊዎቹ ዛሬ አረፉ። ለቀስተኛ ሁሉ ነገ ምሳ ሥጋ ቤቴ ይብላ።"

ኮላው ሳይደርቅ፣ በባከነ ሰዓት፣ የኛው ልጅ በቴስታ አገባ! ሰፈሩ ተናወጠ!

የሰማንያ ዓመቷ ጎረቤቴ ኦርኔላ ጥቁር ሻሽ አስራ ወረደች። "ሰማያዊዎቹ" የሚለውን በሊፕስቲኳ ሰርዛ "ቢጫ ቀዮቹ" ብላ ጻፈችበትና፣ ኦሬስቴን "እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ" አለችው።

"እማማ፣ በናትሽ ምሳውንም ሰርዢው!"

"የሟች ኑዛዜ ይሰረዛል እንዴ?"

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እትዬ አስካለን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እኔም ጥቁር ለብሼ ለቅሶ ልደርስ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

ያንተው መላኩ