የባሏን ሞት ትመኛለች ብለው ለመረመሩኝ ለክቡር ዶክተር

ለክቡር ዶክተር ክሪሶስቶሞ ባርሴናስ፣
የቦካ ካይማን ከተማ ሆስፒታል የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ሳንባዎ እንደ ወንዛችን ሰፊ፣ ትንፋሽዎም እንደ ስብሰባዎ ረጅም እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኦቲልያ ማርሞል፣ በወደቡ ዓሣ ጠብሼ የማድር፣ የጀልባ ነጂው የኤቫሪስቶ ካንቲዮ ሚስት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና በመሆኔም ደግሞ እንዳልጠረጠር እሰጋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በወደቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። የእኔና የባሌ ጉዳይ በኮሚቴዎ አባላት፣ ከዚያም በከተማው ሰው ሁሉ አፍ ካለፈ በኋላ፣ እኔ ብቻ ፖስታ ውስጥ ብደብቀው ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ላስረዳ። የባሌ ሳንባ ከደከመ ቆይቷል። በዝናቡ ወራት ትንፋሽ ሲያጥረው ሆስፒታል ወሰድነው፤ ሐኪሞቹም በአፉ ቱቦ አስገብተው ከመተንፈሻ ማሽን ጋር አገናኙት፣ እንዳይነቅለውም ሁለት እጆቹን ከአልጋው ጋር አሰሩለት። ሳንባው ከእንግዲህ እንደማይመለስ ሐኪሙ ሲነግረኝ፣ «እንግዲያው ይነቀልለትና ቤቱ ልውሰደው» አልኩ። የባሌ እህት ዶሚቲላ ኮሪደሩ ላይ እሪታዋን አቀለጠችው። «ልትገድለው ነው! ይቺ ሴትዮ ሌላ ሰው ይዛለች!» እርስዎም፣ ክቡር ሆይ፣ የባሌን ሳንባ ትተው የእኔን ልብ ለመመርመር ኮሚቴ ሰበሰቡ። ለዚህ ትጋትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዎቼ ግን ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ «ሚስትየዋ አላለቀሰችም» ብለው መመዝገባቸው ትክክል ነው። ዶሚቲላ ለሁለታችን፣ አልፎም በክፍሉ ለተኙት ሕሙማን በሙሉ የሚበቃ ስታለቅስ ስለነበር ተራ አልደረሰኝም። ከጎኑ የተኙት ሽማግሌ እንኳ «ልጄ፣ የሞትኩት እኔ እንዳልሆንኩ እባክሽ ንገሪያት» ብለው እስከ መለመን ደርሰው ነበር።

ሁለተኛ፣ «ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ስትሳሳቅ ታይታለች» ተብሏል። ታይቻለሁ። የልቤ ወዳጅ ነው የተባለው ፕሉታርኮ ጥርሶቹን ከጨረሰ የቆየ፣ ዓይኖቹም ሊከተሏቸው የተነሱ ሰው ነው፤ ባሌ ግን ከተጋባን ወዲህ ፂሙ አድጎ የዋለበት ቀን ስለሌለ እንዲላጨው ጠራሁት። እሱም ሪዙን በአንድ ወገን አሳጠረበት። ኤቫሪስቶ ቱቦውን እንደጎረሰ አንድ ቅንድቡን ሽቅብ ሰቅሎ ሲያፈጥበት፣ ፕሉታርኮ «ምን ታፈጥብኛለህ? ዛሬ ደግሞ የት ልትሄድ ነው?» አለው። የባሌ ሆድ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፣ ማሽኑም ጮኸ። ኮሚቴዎ ከሳቅነው ከሦስታችን የእኔን ሳቅ ብቻ መርጦ መርምሮ፣ «የሚስቅ ሰው አእምሮው አለና እስቲ ራሱን እንጠይቀው» ሳይል ማለፉ፣ በጊዜ ቁጠባ ረገድ እጅግ የሚያስመሰግነው ነው።

ሦስተኛ፣ እርስዎ ራስዎ መነጽርዎን ዝቅ አድርገው «ወይዘሮ ኦቲልያ፣ እሱ ቢሞት እርስዎ ምን ያገኛሉ?» ብለው ጠየቁኝ። የቤታችን ጣራ ያፈሳል፤ ጀልባው ከባለቤቱ ይብስ ያረጀ ነው። አስቤ አስቤ ያገኘሁትን ነገርኩዎት፤ «ማንም ሳያንኮራፋ የሚታደርበት አልጋ» አልኩዎት። ይህም በቃለ ጉባኤው ላይ «ጥቅም እንዳላት አምናለች» ተብሎ ሰፈረ። ቀልድን ከአፍ እንደወጣ ወደ ወንጀል የሚለውጥ ኮሚቴ ስላላት ከተማችን ልትኮራ ይገባታል።

አራተኛ፣ የባሌ ፈቃድ ነው። የኤቫሪስቶ ወንድም በትልቁ ከተማ በማሽን ተይዞ ከርሞ ሲሞት፣ ባሌ ከቀብር ተመልሶ፣ የተቀቀለ የዩካ ሥሩን እየበላ እንዲህ ብሎን ነበር፤ «የጀልባ ሞተር አልነሳም ሲል ገመዱን አንዴ ሁለቴ መጎተት ነው። እኔን ግን እጃችሁ እስኪላጥ እንዳትጎትቱኝ። ልቀቁኝ፣ ውኃው ይውሰደኝ።» ይህን ስናገር የሕግ አዋቂው አባልዎ «የተነገረው ስለ ሞተር እንጂ ስለ ሕክምና አይደለም» አሉ። እናመሰግናለን፤ ከእንግዲህ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ከመሞቱ በፊት የጠበቃ አነጋገር ይማራል። ዶሚቲላም እዚያው ማዕድ ላይ ነበረች፤ ስትጠየቅ ግን «አልሰማሁም፤ የዓሣ እሾህ ስለቅም ነበር» አለች።

አምስተኛውን ቅሬታ ባሌ ራሱ ስላቀረበው ለእኔ አልቀረልኝም። ኮሚቴው «ሁኔታውን በዓይን ለማየት» በሙሉ ሠራዊቱ ወደ አልጋው መጣ። እርስዎ ጨዋ ሰው ነዎትና ሰላም ሊሉት ፈለጉ፤ የታሰረ እጅ መጨበጡ ደግሞ ነውር ሆኖብዎት «ለአፍታ ፍቱለት» አሉ። ነርሷም ሁለቱንም ፈታችለት። ኤቫሪስቶ በቀኙ የእርስዎን እጅ ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ በግራው ቱቦውን መዘዘው። ዶሚቲላ ጮኸች፣ የሕግ አዋቂው በሩን ፈለጉ፣ እርስዎ ግን እጅዎ ስለተያዘ የትም መሄድ አልቻሉም።

የተነሳበት ሳል ጋብ ሲልለት እርስዎ ጎንበስ ብለው «ይህን ያስደረጉዎ ባለቤትዎ ናቸው?» ብለው ጠየቁት። በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ የመለሰልዎትን፣ ቃለ ጉባኤው ስለዘለለው፣ እኔ ልጻፈው፤ «ጣራውን ጠግን ብላ ዕድሜ ልኳን ለምናኝ እምቢ ያልኩ ሰውዬ፣ ሙት ብትለኝ እሺ የምላት ይመስልሃል? በሉ ቤቴ ውሰዱኝ።» ከዚያ በኋላ ኮሚቴዎ «ምርመራው በታካሚው ጣልቃ ገብነት ምክንያት ተቋርጧል» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ባሌ በራሱ ሞት ውስጥ ጣልቃ በመግባቱ ስለ እሱ ሆኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቤቱ ወሰድነው። ሐኪሙ ትንፋሹ ሲጨንቀው የምንሰጠው መድኃኒት አስይዞን ነበርና ብዙ አልተሰቃየም። በረንዳው ላይ ጋደም ብሎ የሚያልፉትን ጀልባ ነጂዎች በሹክሹክታ ይሰድባቸዋል፤ እኔ ደግሞ ስድቡን ጮክ ብዬ አደርስለታለሁ። ዶሚቲላ የመጀመሪያውን ቀን በር ላይ ቆማ ዋለች። በማግስቱ የዓሣ ሾርባ ይዛ ገባች። እሱ ሲያሸልብ ጠብቃ «የሞተሩን ነገር እኔም ሰምቼው ነበር» አለችኝ። «ታዲያ ምነው ካድሽ፣ አንቺ ሴት?» ብላት፣ «ወንድሜ ነዋ! ሌላ ማን አለኝ?» አለች። ሾርባውን ከአንድ ሳህን ጠጣነው። ኤቫሪስቶ አንድ ረፋድ ላይ፣ ግራ እጁን ለእሷ፣ ቀኙን ለእኔ ሰጥቶ ዐረፈ።

እንግዲህ፣ ክቡር ሆይ፣ ምርመራዎ ሳያገኘው የቀረውን በገዛ ፈቃዴ ላስረክብዎ። ክፉ ሐሳብ ነበረኝ። ጥርጣሬዎ ልክ ነበር፤ የሳተው አቅጣጫውን ብቻ ነው። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ማሽኑ ደረቱን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው፣ «ይኑርልኝ፤ ታስሮም ቢሆን፣ እየረገመኝም ቢሆን ይኑርልኝ» እል ነበር። ለእሱ ብዬ አልነበረም፤ ባዶ ቤት መግባቱን ፈርቼ ነው። ይነቀልለት ያልኩት ያንን ጥቅሜን ረግጬ ነው። በማሽኑ ላይ ይቆይ ብዬ ለምኜ ቢሆን ኖሮ ግን ኮሚቴዎ «እንዴት ያለች ሚስት!» ብሎ አመስግኖኝ፣ አንዲት ጥያቄ እንኳ ባልጠየቀኝ ነበር።

ስለ ውድ ጊዜዎና ስለማይደክመው ጥርጣሬዎ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባዎ ወንበሩ የተመቸ፣ አጀንዳው የበዛ፣ ታካሚውም ዝምተኛ እንዲሆንልዎ ከመመኘት ጋር፣

ሐሳቧ በእጅዎ የተመረመረና የተመሰከረለት፣ ትሑት አገልጋይዎ፣
ኦቲልያ ማርሞል፣ የኤቫሪስቶ ካንቲዮ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሌኦኖር ቅዳሜ ዓሣ ሊገዙ ጎራ ብለው ነበር። «ዶክተሩ አንድ ነገር ቢሆኑ ምን እንዲደረግላቸው ይፈልጋሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ እቱ? እሱ ያወራል እንጂ ነግሮኝ አያውቅም። ያኔ ደስ ያለኝን አደርጋለኋ!» ብለው ሳቁ። ሴትየዋ ጤናቸው የተሟላ፣ ክንዳቸውም ገመድ ለመጎተት ጠንካራ መሆኑን ስለተመለከትኩ፣ ዛሬውኑ ራት ላይ ፈቃድዎን ቢነግሯቸው ይበጅዎታል እላለሁ።