የኢቡ ራትሪ እርማት የተደበቀበት ቦታ

ዌኒንግ፣

አስተማሪሽ ኢቡ ራትሪ ዝም አላሉሽም። የመመረቂያ ጽሑፍሽን የላኩልሽ ከነእርማቱ ነው። ያወረድሽውን ፒዲኤፍ ብሮውዘሩ ራሱ እየከፈተ፣ በየዳሩ የጻፉትን አስተያየት ሳያሳይሽ ቀርቷል። በሌላ ፕሮግራም ብከፍተው ገጹ ሁሉ በቢጫ ማስታወሻ ተሞልቷል።

አሁን አስተካክዬዋለሁ፤ ፋይሉ በፒዲኤፍ ማንበቢያው ይከፈታል። እምቢ ካለሽ የብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ግቢ፤ የፋይል ዓይነቶች ከተዘረዘሩበት ፒዲኤፍን ፈልጊና በሌላ ፕሮግራም እንዲከፈት ምረጪ።

"እሜቴ ቅጠል ለቃሚ፣ ላፕቶፔን እንዳትነኪ!" ብለሽኝ ነበር።
ነካሁት። ይቅርታ።
ቅጠል የሚያጠና ሰው የቅጠሉን ጀርባ ገልብጦ ሳያይ አያልፍም።

"ኢቡ ራትሪን እርማቴ የት አለ ብዬ ልጠይቅ? ነውር ነው!" እያልሽ ወር ሙሉ ጠበቅሽ። እሺ፣ እሳቸውን መጠየቅ ነውር ይሁን።
እኔን መጠየቅስ?

ዛሬ የመመዝገቢያው ቢሮ ሳይዘጋ አርመሽ ካላስገባሽ ለዚህ ዙር የመመረቂያ ፈተና አትመዘገቢም። ሩዙ ማብሰያው ውስጥ አለ፣ የአኩሪ አተር ቴምፔውም ተጠብሷል፤ ለምግብ ብለሽ እንዳትወጪ። እኔ ናሙና ልሰበስብ ተራራ እየወጣሁ ነው።

በመጨረሻው ገጽ ላይ የጻፉልሽን አልነግርሽም። አንብበሽ ስትጨርሺ ግን ለእኔ አትደውዪ።
መጀመሪያ ለእሳቸው ደውዪ።

ላራስ