የሂክማ ደምና የጫቱ መኪና

ሰኞ ጠዋት
ከድንበሩ ከቶጎ ውጫሌ ጫት አድርሼ ገባሁ። እንደ ንፋስ። የእኔን መኪና የሚያስቆም ፖሊስ ገና አልተወለደም። እንዲህ የሚነዳ፣ በዚያ ላይ ከማታ ት/ቤት አንደኛ የወጣ፣ ሀርጌሳ ውስጥ ማን አለ? ደብተሬ፣ አንተው ፍረድ።

ልጄ ሂክማ ዛሬም አንገቷን አላቀናችም። ጡንቻዋን የሚያዘው ጂን ተበላሽቷል። መድኃኒቱ አንድ መርፌ፤ የውጭ ሐኪሞች በነፃ እንሰጣለን ብለዋል። ዶ/ር ሁዳ (ኢ/ያ የተማረች፣ አማርኛዋ ጥርት ያለ) ጂኑን ወደ ሰውነት የሚያስገባው ቫይረስ ነው ስትል፣ ሚስቴ ሰሚራ አዑዙ ቢላህ ብላ ተነሳች።

አስረዳኋት። ቫይረስ ማለት የጫት መኪና ነው። ሰውነት ውስጥ ዘልቆ መግባት ያውቅበታል። የራሱን ጭነት አራግፈው ደህናውን ጂን ይጭኑበታል። ዶ/ሯ ብዙም አልተሳሳትክም አለች። ለሰፈሩ ግን አደነቀችኝ ብዬ አወራሁ።

ሐሙስ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ
የደም ውጤት መጣ። አይሆንም! የሂክማ ሰውነት ያንን ቫይረስ ያውቀዋል፤ ኬላ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ቫይረሱን የሚይዙትን የደም ጠባቂዎች ከእናቷ ነው የወረሰቻቸው። እየሳሱ ሊሄዱ ይችላሉ፣ ቆይተን እንመርምር ተባለ። ቆይተን! ልጅቷ መዋጥ እያቃታት።

ቀልድ አመለጠኝ። «ጠባቂዎችሽም እንዳንቺው ግትር ናቸው» አልኳት ሰሚራን። ልጇን ታቅፋ ወደ ግድግዳ ዞረች። ምላሴ ይቆረጥ።

ማክሰኞ፣ ሰንብቼ
መጻፍ አስጠልቶኝ ነበር። የሂክማ ለቅሶ ድምፅ የለውም። ያ አላህ።

ዛሬ ሰሚራ አነጋገረችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ጠባቂዎቼ አንቀላፍተው ይሆን?» ቀልድ መሰለኝ። ዓይኗን ሳይ፣ ዱዓ ነው።

ነገ ረፋድ የሂክማ ደም እንደገና ይቀዳል። የሚመረመረው ውጭ አገር ነውና በበረዶ ሆኖ ለቀትሩ በረራ መድረስ አለበት። ካመለጠ ሌላ ሳምንት። እስከዚያ ከደከመች ሐኪሞቹ አይቀበሏትም። ታክሲ? ገበያው መሐል ግመል ይቀድመዋል።

ቀትር ደግሞ የጫት ሰዓት። የመኪናው ባለቤት ሐጂ፣ ጫቱ ከቀረ ቁልፌን አስረክብ አለኝ። እሺ ሐጂ አልኩ።

አስረክባለሁ። ከአየር ማረፊያ ስመለስ።

የጭነት ቦታውን አጠብኩ። አንዲት ቅጠል የለም። የበረዶ ሳጥኑን ሰሚራ ታቅፋ ጎኔ ትቀመጣለች። ከ31 ሜይ ሰፈር ጀምሮ ክላክስ ነው። የጫት መኪና መጣ ብለው ሁሉም መንገድ ይለቃሉ። የጫነውን ማን ያውቃል።