ቀበሌው ያረጋገጠልኝ ቤተሰብ

ቀን፦ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁጥር፦ ቁጥር የሚሰጠኝ መዝገብ ቤት የለኝም
ደብረ ማርቆስ

ለክቡር አቶ ሀይለመለኮት
የቀበሌያችን የቀጥታ ድጋፍ መልማይ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ ስለተሰጠኝ ቤተሰብ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። የዘንድሮው የማርቆስ ውርጭ እንደ እኔ ያለውን አጥንቱ ብቻ የቀረ ሽማግሌ እንጂ ካፖርት የለበሰ ሹም እንደማይደፍር ባውቅም፣ ጤናዎ ይጠበቅ፣ ቤትዎ ይሙቅ፣ ማኅተምዎም ቀለም አይጣ ስል ከልቤ እመኛለሁ። ደብዳቤዬን በቢሮዎ በር ሥር ከማሾልከው ይልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ደፍሬ አይደለም። የእኔ ጉዳይ የተወሰነበት ወረቀት እዚያው ተለጥፎ አገር ያነበበው ስለሆነ፣ መልሱም ከጎኑ ቢውል ወረቀቱ እንኳ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው።

ካላስታወሱኝ አልቀየምም፤ አምባዬ አበባው እባላለሁ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ለሠላሳ አንድ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩት ሰው ነኝ። ከሮብ ገበያ ድንበሩን የተገፋው፣ ከደምበጫ ቀለብ የተከለከለችው፣ ሁሉም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ችግሩን ሲነግረኝ፣ እኔ በወጉ አሳምሬ «የምቀምሰው አጥቼ፣ የምጠጋበት ጠፍቶኝ» እያልኩ ለመንግሥት ሳቀርብ ኖሬአለሁ። የሰው ድህነት ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም ነበር። ኋላ ኮምፒውተሩ መጣ፣ ዓይኔን ሞራ ጋረደው፣ ጣቶቼም እንደሚያዩት ፊደሉን ያንገዳግዱት ጀመር።

ስለዚህ ባለፈው ኅዳር፣ ሠርተው መብላት ለማይችሉ አረጋውያን መንግሥት በየወሩ ለሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ አዲስ ምዝገባ መጀመሩ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ፣ እኔም ሄጄ ተመዘገብኩ። ኮሚቴው ቤት ለቤት ዞሮ ኑሯችንን በዓይኑ አይቶ እንደሚወስን ተነገረን፤ የእኔም ተራ ማክሰኞ ሆነ።

ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። «ኮሚቴ ይመጣል» ሲሉኝ እኔ የሰማሁት «ሰው ይመጣል» የሚለውን ብቻ ነበር። የባለቤቴ የወለላ ለቀስተኛ ከተበተነ አራት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ደጄን ደጋግሞ የረገጠ ሰው ቢኖር የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ እሱም መብራቱ ከተቆረጠ በኋላ ቀርቷል።

እንግዳ ሲመጣ ባዶ ቤት ማሳየት በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑን እርስዎም የጎጃም ልጅ ነዎትና አይስቱትም። እኔ የሰውን ባዶ ቤት ለሠላሳ አንድ ዓመት በጽሑፍ ሳሳይ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ለማሳየት ግን ፊት አጣሁ። ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ፋንታነሽ አንድ ወንበር ልዋስ ሄድኩ፤ ለእርስዎ መሆኑ ነው። እሷ እጀ ሰፊ ናትና፣ ሰብሳቢ ብቻውን አይዞርም ብላ አራት ወንበር፣ ዳንቴል የለበሰ ጠረጴዛና አራት ብርጭቆ አሸክማ ላከችልኝ። ይህም አልበቃትም። ባዶ ግድግዳ እንግዳ ያስከፋል በማለት የልጆቿን ቴሌቪዥን ነቅላ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ጉብ አደረገችው። ኧረ መብራት የለኝም ብላት፣ መብራቱን ማን ያያል፣ የሚታየው ቴሌቪዥኑ ነው አለችኝ። እውነቷን ኖሯል።

ድንች ቀቀልኩ፣ ዳጣ አዘጋጀሁ፣ አንድ ማሰሮ ጠላ ከእሷው ተበደርኩ። ወለሉን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ። የክት ሸሚዜን ለብሼ ከረፋዱ ጀምሮ በር በሩን ሳይ ቆየሁ። ይመኑኝ ክቡር ሆይ፣ በዚያ ጠዋት ድጋፍ የሚባለውን ነገር ጨርሶ ረስቼው ነበር።

እናንተም መጣችሁ፤ እርስዎ፣ መዝጋቢዋ ወይዘሪት ሙሉብርሃን፣ እንዲሁም ስማቸውን ያልነገሩኝ ፎቶ አንሺው ሰውዬ። አረፍ በሉ ብዬ ወንበር ሳቀርብ ወንበሩ ተቆጠረ። ጠላ ስቀዳ ብርጭቆው ተቆጠረ። ሥራ ላይ የሰው ቤት መቅመስ መመሪያው ይከለክላል ብለው ድንቹን በዓይንዎ አለፉት፤ መቀመጥንም መመሪያው ሳይከለክለው አልቀረም፣ ከሦስታችሁ አንዳችሁም አልተቀመጣችሁምና። ስድስት ደቂቃ ቆይታችሁ ወጣችሁ። ድንቹን እስከ ዓርብ ስበላው ሰነበትኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውሳኔው ተለጠፈ፤ የተሞላው ቅጽም ዋናው ከነማኅተሙ በእጄ ተሰጠኝ። እንደ ሙያ ባልደረባ ጽሑፉን አድንቄአለሁ። ሆኖም ጥቂት ነጥቦች ስላልገቡኝ፣ ውድ ጊዜዎን ለመሻማት በመገደዴ ይቅርታ እየጠየቅሁ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሀብቴ። «የተሟላ የቤት ዕቃና ቴሌቪዥን ያላቸው» ተብያለሁ። ዕቃው እናንተ ጥጉን ሳትታጠፉ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል፤ የፋንታነሽ ልጆች ፊልማቸው እንዳያመልጣቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ቴሌቪዥኑ ገመዱ ተጠቅልሎ በላዩ ላይ መቀመጡን ፎቶ አንሺው አላዩት ይሆናል፤ ካሜራም እንደ እኔ ሞራ ሳይዘው አይቀርም። የደላው ሙቅ ያኝካል ይባላል፤ እኔ ሳይደላኝ የቀዘቀዘ ድንች ሳኝክ ከረምኩ። ለስድስት ደቂቃም ቢሆን ባለጸጋ ስላደረጋችሁኝ ግን ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

2ኛ. ስለ ሥራዬ። «በጽሕፈት ሥራ የሚተዳደሩ» የሚለው ማስረጃው መስኮቱ ላይ የነበረው ስክሪብቶ መሆኑን ተረድቻለሁ። የመጨረሻው ደንበኛዬ ባለፈው ክረምት ጃንጥላዬ ሥር የገባ ሰው ሲሆን፣ ዝናቡ ሲያባራ አመስግኖኝ ሄደ። እሱንም አልተቀየምኩትም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አጫውቶኛል።

3ኛ. ስለ ቤተሰቤ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ነው። ድጋፉ የተከለከልኩበት ዋና ምክንያት «ጧሪና ረዳት ቤተሰብ ያላቸው መሆኑ ስለተረጋገጠ» ይላል። ወለላና እኔ ልጅ አልወለድንም፤ ወንድሜም እኅቴም አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። እናንተ ግን አራት ወንበር አይታችሁ የሚቀመጥበትን ሰው አብራችሁ ሰጣችሁኝ። በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜ ቤተሰብ ማግኘት ለማንም የሚደርስ ጸጋ አይደለምና፣ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ።

በመሆኑም የእነዚህን ጧሪዎቼን ሙሉ ስም፣ የሚኖሩበትን ቀበሌ፣ ከተቻለም ስልክ ቁጥራቸውን እንዲገልጹልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ለገና ሳይመጡ ቀርተዋል። ለጥምቀትም ታቦት ሸኝቼ ስመለስ በሩ እንደቆለፍኩት ነበር። በታኅሣሥ ጉንፋን ጥሎኝ ሦስት ቀን ሳልነሣ ውሃ ያቀበለችኝ ፋንታነሽ ናት፤ እሷ ደግሞ አምስት ልጅ ያለባት ምስኪን ናት፣ በቅጹም ላይ የለችም። ጧሪዎቼ ስብሰባ ላይ ይሆናሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ካገኟቸው አንድ ነገር ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል፦ ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር ሳልነጋገር የምሰነብትበት ጊዜ ስላለ፣ ድምፄ እንዳይጠፋብኝ የድሮ ማመልከቻዎችን ጮክ ብዬ ለራሴ አነባለሁ። ይህን ሲሰሙ ምናልባት አንዳቸው ብቅ ይሉ ይሆናል።

4ኛ. ስለ ባለቤቴ። በቅጹ ሰባተኛ መስመር ላይ «ባለትዳር፤ ባለቤታቸው ለጊዜው ከቤት የወጡ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ የሆነው አልጋው ግርጌ የሴት ጫማ ስላያችሁ ነው። ጫማው የወለላ ነው። ይጁቤ ዘመዶቿ ዘንድ ስትሄድ የምታደርገው ጥቁር ጫማ ሲሆን፣ አፉን ወደ በሩ አዙራ እንዳስቀመጠችው አለ። ቤት ስጠርግ ዙሪያውን እጠርጋለሁ እንጂ አላነሣውም።

ይህን ይዤ ቅሬታ ሰሚው ዘንድ ቀረብኩ። እሳቸውም በትዕግሥት አዳምጠውኝ ሁለት ነገር አዘዙኝ። አንደኛ የወለላን የሞት ምስክር ወረቀት እንዳመጣ፤ ሁለተኛ የተሳሳተው ቅጽ እንዲሰረዝ ዋናውን እንድመልስ። ሁለቱ ካልተሟሉ ሚስት እንዳለኝ ይቆጠራል፣ ጉዳዬም ዳግመኛ አይታይም።

ምስክር ወረቀቱ አልነበረኝም። ለዚህ አገር ሕዝብ የሞት ማስመዝገቢያ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩት እኔ፣ የወለላን አልጻፍኩም። ስሟን እጽፋለሁ፣ የአባቷን ስም እጽፋለሁ፤ ከዚያ እጄ ይቆማል። ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጥና ሌላ ቀን ሌላ ወረቀት አነሣለሁ። እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት ሞላኝ። ለሰው ሲሆን ግን በሩብ ሰዓት እጨርሰው ነበር፤ ከባለጉዳዩም ጋር ስለ ዝናቡ እያወራሁ።

እዚህ ላይ የምናዘዘው አለኝ። ወይዘሪት ሙሉብርሃንን በሆዴ ስወቅሳት ከርሜአለሁ፤ እሷ ግን ያችን መስመር ከራሷ አላመጣቻትም። ጫማውን አየችና «አባባ፣ ባለቤትዎ የሉም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቤቱ ተጠርጎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ሰው ገብቶ ነበር፤ ወለላ እያለች የበዓል ቀን እንደሚሆነው ሁሉ። አፌን ምን እንደያዘው አላውቅም።

«ወጣ ብላ ነው» አልኳት።

እሷም የነገርኳትን ጻፈች። እኔም ዕድሜ ልኬን ሰው የነገረኝን ስጽፍ የኖርኩ ነኝና፣ የተነገረውን የጻፈ ሰው አይወቀስም። እንዲያውም ከሦስታችሁ አንድ ጥያቄ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ትናንት ማመልከቻውን ጻፍኩት። እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ጻፍኩት፤ ወረቀቱ ላይ የፈሰሰውንም ነገር በሸሚዜ እጅጌ አደረቅሁት። የምዝገባው ክፍል ስለ መዘግየቴ ገሥጾኝ በዕለቱ ምስክር ወረቀቱን ሰጠኝ። ከመንግሥት ቢሮ ይህን ያህል ፈጣን አገልግሎት አግኝቼ አላውቅም፤ ምነው በዚህኛው እንኳ «ነገ ተመለስ» ባሉኝ ኖሮ። ምስክር ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዤአለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጉዳዬ ዳግመኛ ይታይ ዘንድ እለምናለሁ። ለማጣራት የምትመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ልታውቁት የሚገባው፣ በዚህ ጊዜ ወንበር አይኖርም። የሚቆጠር ነገር ስለሌለ ሥራችሁ ፈጥኖ ያልቃል። የጭቃው መደብ ግን ለሦስት ሰው ይበቃል፤ ድንችም አለ፤ መመሪያው ስለ መደብ ምን እንደሚል አንብባችሁ ብትመጡ።

ከወንበርዎ እንዳያጎድልዎ፣ ወንበርዎንም እንደ እኔው ከጎረቤት የተዋሱት መሆኑን እንዳያስረሳዎ አምላከ ማርቆስን እየለመንኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የስድስት ደቂቃው ባለጸጋ፣
የማያውቃቸው ቤተሰቦች አባት፣
አምባዬ አበባው

አባሪ፦ የሞት ምስክር ወረቀት፣ አንድ ገጽ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ፋንታነሽ፣ የወንበሮቹ ባለቤት
ለቤተሰቤ፣ አድራሻቸው ከእርስዎ እንደደረሰኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከሁለቱ ትእዛዞች አንዱን ፈጽሜአለሁ፤ ሁለተኛውን አልፈጽምም። ሞተች የሚለው ወረቀት የእናንተ ነው፤ ያዙት፣ መዝግቡት፣ ፋይል ውስጥ አስገቡት። ወለላ ለጊዜው ወጣ ብላ እንደሆነ በፊርማና በክብ ማኅተም የሚመሰክር ወረቀት ግን በዚህ ዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ጫማዋ ሥር አኑሬዋለሁ። ያለ እሱ ጉዳይህ አይታይም ካላችሁኝ ይቅርብኝ። በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜዬ ከመንግሥት ያገኘሁት ድጋፍ ይኸው ነው፤ አልመልሰውም።